የማሳው ገል፦ ማን ሠራው? መቼ ተሰበረ?



በአክሱም ዙሪያ ያሉ ማሳዎች ታርሰው አንድ ዝናብ ሲያጥባቸው ገል ያወጣሉ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ እንደ ጥፍር ያነሰ፣ አንዳንዱ መዳፍ የሚሞላ። ገበሬው ድንጋይ ሲለቅም አብሮ ይለቅመውና ወደ ድንበሩ ካብ ይወረውረዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ገል ነው። ከማሳ ላይ ያነሳነው ስባሪ የምን ዕቃ እንደነበረና በየትኛው ዘመን እንደተሠራ የሚታወቀው እንዴት ነው? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ መጨረሻ ላይ አንድ የአገራችን አዋጅ ሲመጣ ብቻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።

ገል ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት «እንዴት ተሠራ?» «የት ነበር?» «ከማን ጋር ተገኘ?» የሚሉት መመለስ አለባቸው። ዕድሜ ከእነዚህ ከሦስቱ መልስ የሚወጣ ነገር እንጂ ገሉ ላይ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። ከሦስቱም የመጀመሪያውን በደንብ የሚመልሱት ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። ይህን አጥብቄ ስለማምን ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ሸክላ በቀላሉ ይሰበራል፤ ከተሰበረ በኋላ ግን አይጠፋም። እንጨት ይበሰብሳል፣ ቆዳና ጨርቅ ምስጥ ይበላዋል፣ ነሐስ እንደገና ይቀልጣል፣ ወርቅ ይዘረፋል። ገልን ማንም ስለማይፈልገው በወደቀበት ይቀራል። የተሰበረው ዕቃ ደግሞ ወዲያው በአዲስ ይተካል። አዲሱን የምትሠራው ሴት ከእናቷ ያየችውን ትከተላለች፤ ግን ከንፈሩን ትንሽ ታጥፋለች፣ ጆሮውን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። እነዚህ ትንንሽ ለውጦች በትውልዶች ላይ ሲደራረቡ የዘመን መለያ ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1890 በፍልስጥኤም ምድር ቴል ኤል ሄሲ በተባለ ጉብታ ላይ ለስድስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ያሳየው ይህንኑ ነው። የገሉ ዓይነት ከታችኛው የአፈር ንብርብር ወደ ላይኛው እንዴት እንደሚለዋወጥ ተከታተለ፤ በግብፅ ዘመናቸው ከታወቁ ዕቃዎች ጋር አመሳክሮም የጉብታውን ዕድሜ ገመተ። ከዚያ በፊት ብዙ ቆፋሪዎች ገሉን ከአፈሩ ጋር ይደፉት ነበር።

ቁፋሮ ግን ውድ ነው፣ የሚያሳየውም ጠባብ ቦታ ነው። ሰፊ አገርን ለማወቅ በእግር መሄድ ይሻላል። የእግር አሰሳ የምንለው ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ሰዎች አሥር ወይም ሃያ ሜትር ያህል ተራርቀው በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ እኩል እየተራመዱ ማሳውን ያቋርጣሉ፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን መሬት ብቻ ያያል። ያገኘውን ገል ያነሳበትን ነጥብ መዝግቦ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ይከታል። ጥሩው ወቅት ማሳው ታርሶ ቡቃያ ሳይሸፍነው ነው፤ ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ጥላ ስታረዝም ነው።

በዚህ መንገድ ተመራማሪው ጆሴፍ ማይክልስ በ1974 ከአክሱም እስከ የሐ ያለውን ምድር አሰሰ፤ ከ700 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስከ 850 ዓ.ም. ድረስ ሰው የት የት ይሰፍር እንደነበር የሚያሳየው መጽሐፉ የወጣው በ2005 ነው። ከ1993 ጀምሮ ሮዶልፎ ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ በአክሱም ከተማ ውስጥና ዙሪያ ቆፍረዋል። እነዚህ ቁፋሮዎች ለአሳሹ ቁልፉን ሰጡት። የትኛው ገል ከየትኛው በታች እንደተቀበረ የታየው በእነሱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ ማሳ ላይ የተገኘው ስባሪ ከዚያ ጋር ይመሳከራል።

አሰሳ ግን እግር ብቻ አይበቃውም፤ መጠየቅ ይፈልጋል። በየሐ አቅራቢያ ያለው የቤተ ሰማቲ ጉብታ ትልቅ ቦታ መሆኑን የአካባቢው ሰዎች ከጥንትም ያውቁ ነበር፤ የተመራማሪው ማይክል ሃሮወር ቡድን ወደዚያ የሄደው ሰዎቹን ሰምቶ ነው። ከ2011 እስከ 2016 በተደረገው ቁፋሮ ከ750 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ እስከ 650 ዓ.ም. ገደማ ሰው የኖረበት ከተማ ወጣ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያንም ተገኘበት።

ገበሬውን መጠየቅ ሌላም ጥቅም አለው። የትግራይ መሬት ተዳፋት ነው፤ ጎርፍ ገሉን ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል። እርከን ሲሠራ አፈሩ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ አብሮት ገል ይመጣል። «ይህ አፈር ከየት መጣ? ይህን ካብ ማን ሠራው?» ካልተባለ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ማሳ መንደር ተብሎ ካርታ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ገሉ ራሱም ፍንጭ ይሰጣል። ጠርዙ ስል የሆነ ገል ከተቀበረበት የወጣው በቅርቡ ነው፤ ጠርዙ ተሞርዶ የተድቦለቦለ ገል በጎርፍም በማረሻም ብዙ ተንገላቷል፤ ከተሰበረበት ቦታ ርቆ ይሆናል። ደግሞም በሬ የሚጎትተው ማረሻ ጥልቅ አይቆፍርም። ላይ ላይ የምናየው ከላይኛው አፈር የወጣውን ነው፤ ከበታቹ የበለጠ ያረጀ ነገር ሳይነካ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ገሉን በእጃችን እንያዘው። ብዙ ሰው ፊቱን ያያል፣ ጌጡን ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የማየው የተሰበረበትን ጠርዝ ነው። ፊቱ ሊላጥ፣ ሊቆሽሽ፣ ሊያታልል ይችላል፤ ጠርዙ ግን የጭቃውን ውስጥ ይከፍታል። አሮጌው ስብራት አፈር ከለበሰ በጉጠት ከጥጉ ትንሽ ቆርሶ አዲስ ጠርዝ ማየት የተለመደ ነው። እዚያ አሸዋ አለ? የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለ? ገለባ ተቃጥሎ የተወው ቀዳዳ አለ? ወይስ የተፈጨ አሮጌ ገል ተቀላቅሎበታል? ሸክላ ሠሪዋ እነዚህን የምትጨምረው ዕቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ነው። ከየትኛው ጉድጓድ የመጣ አፈር ምን ያህል አሸዋ እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ስለዚህ ቅልቅሉ የሠሪውንም የአካባቢውንም ፈለግ ይይዛል።

ከዚያ ቀለሙ ይታያል። ሸክላ ሲተኮስ አየር በደንብ ካገኘ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል፤ አየር ከታፈነበት ይጠቁራል። ከውጭና ከውስጥ ቀልቶ መሃሉ ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነ ጠርዝ የሚያሳየው እሳቱ አጭር እንደነበረ ነው፤ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ለሚተኮስ ዕቃ ይህ የተለመደ ነው። በየሐና በአካባቢው በቅድመ አክሱም ዘመን የተሠሩ፣ አካላቸው ቀይ አፋቸው ጥቁር የሆኑ ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ። ያ ጥቁረት የቀለም ቅብ አይደለም። አፉ አመድ ውስጥ ወይም ነዳጁ ውስጥ ተደፍቶ አየር ሲያጣ ጠቆረ፤ ከላይ የቀረው አካል ቀላ። እንዲህ ያለ ገል ማሳ ላይ ብዙ ሆኖ ሲገኝ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ሺህ ዓመት ውስጥ የኖሩ ሰዎችን እናስባለን።

ከሁሉም የማደንቀው መለያ ግን የጣት ምልክት ነው። አክሱማውያን ሐውልት ቀርጸው ያቆሙ፣ በወርቅ ገንዘብ የመቱ ሰዎች ናቸው፤ ሸክላቸውን ግን በሚሽከረከር መንኮራኩር አልሠሩም። ልክ እንደ ዛሬዎቹ እናቶች በእጃቸው አበጁት። በእጅ የተሠራ ዕቃ ግድግዳው አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ ውስጡ ላይ ጣት ወይም መፋቂያ በየአቅጣጫው ያለፈበት ይታያል። በመንኮራኩር የተሠራው ግን ውስጡ ላይ እኩል የሆኑ፣ እርስ በርስ የተከተሉ ክብ መስመሮች አሉት። ስለዚህ አክሱም አካባቢ ማሳ ላይ እነዚህን መስመሮች ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ ይህ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ ሳይመጣ አይቀርም።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ለዘመን ፍለጋ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የተሠራበት ቦታ ዘመን በሌላ መንገድ ታውቋልና። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይጠቅሳል። ወይኑ የሚጫነው ሁለት ጆሮ ባለው ረጅም የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ባለሙያዎች አምፎራ ይሉታል። በአክሱም፣ በመጠራና በአዱሊስ በብዛት የሚገኘው አምፎራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ፣ ሆዱ ላይ ጎድጓዳ መስመር የዞረበት፣ ገጹ ነጣ ያለ ነው። ለረጅም ጊዜ ከየት እንደመጣ ክርክር ነበር። በኋላ በዮርዳኖስ አቃባ፣ በጥንቱ አይላ ወደብ፣ እቶኖቹ ራሳቸው ከተበላሹ ዕቃዎች ጋር ተቆፍረው ወጡና ክርክሩ አበቃ። ይህ ማሰሮ በተለይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የተመላለሰ ነው። ከዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢ የመጣ ቀይ የገበታ ሳህንም አክሱም ደርሷል፤ የአክሱም ሠሪዎች አይተውት ቅርጹን በእጃቸው አስመስለው ሠርተዋል። በምሥራቅም ታሪኩ ይቀጥላል። በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ቲሞቲ ኢንሶል ከ2015 ጀምሮ በመራው ቁፋሮ ከቻይና የመጡ የሸክላ ዕቃዎች ስባሪ ወጥቷል።

ወደ አክሱም የራሷ ሸክላ እንመለስ። የከተማዋ ኃይል በሚያድግባቸው በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ገነን ብሎ የሚታየው ቀይ፣ በጠጠር ታሽቶ የለሰለሰ፣ በተጫረ መስመርና በማኅተም ያጌጠ ሸክላ ነው፤ አብሮት ጥቁሩም አለ። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ቡናማው ይበረክታል፤ ወደ መጨረሻው ገደማ ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ እገዛ ነው፤ ግን አንዱ ዓይነት ከአንዱ ጋር ለረጅም ጊዜ ተደራርቦ ኖሯል። ጌጥ የሌለው የሆድ ስባሪ ብዙ ጊዜ ከ«አክሱማዊ ነው» በላይ አይናገርም፤ ከዚያ በላይ እንዲናገር ማስገደድም ተገቢ አይደለም።

መስቀልስ? ሳህን ላይ የታተመ መስቀል የተገኘ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይደሰታል፤ እኔም እደሰታለሁ። ገንዘቡ ይረዳናል። አክሱም ከ270 ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገንዘብ መትታለች፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዒዛና ዘመን ጨረቃውና ፀሐዩ ቀርቶ መስቀል ገባ። በማኅተም የተመታ፣ ክንዶቹ በጥንቃቄ የተሠሩ መስቀል ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት የተሻገሩ ጭረቶች ግን መስቀል ለመባል አይበቁም፤ ሰው ጭቃ ላይ ሲያስጌጥ እንዲህ ያለ ጭረት በየዘመኑ ጭሯል።

ከዕቃው የትኛው ክፍል ተገኘ የሚለውም ወሳኝ ነው። ከንፈር፣ አንገት፣ ጆሮና መቀመጫ ብዙ ይናገራሉ፤ ሆድ ጥቂት ይናገራል። ባለሙያው የከንፈሩን ስባሪ ክቦች በተሳሉበት ወረቀት ላይ ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ከስሩ ብርሃን እስከማያልፍ ያዘነብለዋል፤ ከዚያ ከየትኛው ክብ ጋር እንደገጠመ አይቶ የአፉን ስፋት ያውቃል። አፉ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃና አፉ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ አንድ ሥራ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎችና የዕቃው ባለቤቶች ለዓለም ያስተማሩት አለ። ጆን አርተር በጋሞ ብሔረሰብ ዘንድ ባደረገው ጥናት፣ ጠላ የሚጠመቅበት ዕቃ ውስጠኛው ገጽ በመፍላቱ አሲድ እየተበላ እንደሚላጥ አሳየ፤ ጠላ በብዛት የሚጠምቁትም ባለጸጎቹ ነበሩ። ስለዚህ ከውጭ ደህና ሆኖ ከውስጥ የተበላ ገል ጋን ወይም እንስራ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም አልፎ ስለ ድግስና ስለ ሀብት ይናገራል። ምጣድም እንዲሁ በቀላሉ ይለያል። ወፍራምና ዝርግ ነው፤ አንድ ፊቱ ከመሟሸቱና ከመታሰሱ የተነሳ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ፊቱ ሻካራና በጥላሸት የጠቆረ ነው። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ እንጀራ የጋገረች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የጀበና ጡት ወይም ቀጭን አንገት በሰሜኑ ደጋ ማሳ ላይ ከተገኘ ደግሞ ባመዛኙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ እናስበዋለን፤ በክርስቲያኑ ደጋ ቡና መጠጣት የተስፋፋው ያን ጊዜ ነውና።

በትግራይ ዳያን ላየንስ፣ በሌሎች ቦታዎችም ሌሎች ተመራማሪዎች ሸክላ ሠሪዎችን ቁጭ ብለው ጠይቀዋል። የሰሙት እውቀት ብቻ አይደለም፤ ምሬትም ሰምተዋል። ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባለች፣ መሬት ተነፍጋ፣ ከጎረቤቷ ርቃ የኖረችበት አገር ብዙ ነው። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን እናቶች አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ እጃቸው ያወጣው ሸክላ በእነዚያ መንደሮች መጨረሻው የሚታወቅ ዘመን ሆኗል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። የሦስት ሺህ ዓመት ሙያ በእጇ ያለች ሴት ሳትጠየቅ፣ እሷ የሠራችው ዓይነት ዕቃ ተሰብሮ ሲገኝ ግን በክብር ከረጢት ይገባል። በእያንዳንዱ የአሰሳ ቡድን ውስጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ ብትኖር፣ ደመወዟም እንደ ባለሙያ ቢከፈል፣ ስሟም በዘገባው ላይ ቢሰፍር ስንል የምንጠይቀው ውለታ አይደለም፤ ሥራው የሚፈልገው ነው።

ቤተ ሙከራስ ዕድሜውን አይነግረንም ወይ? ይነግረናል፤ በልኩ። ሸክላ ከተተኮሰበት ቀን ጀምሮ ከአካባቢው ጨረር ኃይል በጥቂቱ ያጠራቅማል። እንደገና ሲሞቅ ያንን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቀዋል፤ የብርሃኑ መጠን ከተተኮሰ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ያሳያል። ነገር ግን ስሌቱ ገሉ ተቀብሮበት የነበረውን አፈር ጨረር ማወቅ ይፈልጋል፤ ማሳ ላይ ተንከራትቶ ለተገኘ ገል ይህ ይጎድላል። ካርቦን 14 ደግሞ ጭቃውን አይለካም፤ የሚለካው አብሮ የተቀበረውን ከሰል ወይም ገሉ ላይ የተጋገረውን የምግብ ቅሪት ነው። ሁለቱም ቢሆን ከቁፋሮ ለወጣ ገል የበለጠ ይሠራሉ። ለማሳ ገል ዋናው መንገድ ማመሳከር ነው።

ማመሳከርም የሚያታልልበት ጊዜ አለ፤ ገል ከተሰበረ በኋላም ሥራ ይሠራልና። ኢዮብ ቁስሉን የፋቀው በገል ነው። እናቶቻችን ከጎረቤት እሳት የሚጭሩት፣ ዕጣን የሚያጨሱት በገል ነበር። ጠርዛቸው ተከርክሞ ክብ የተደረጉ ገሎችም በብዙ ጥንታዊ ቦታዎች ይገኛሉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ዕቃ ስባሪው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ውስጥ አገልግሎ ሊጣል ይችላል። አንድ ገል የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ ስለ ማሳው ለመናገር በብዛት፣ ተመሳስለው፣ በአንድ ቦታ ተሰባስበው መገኘት አለባቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክፍተት ደግሞ ከአክሱም በኋላ ያለው ነው። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ጎንደር ዘመን ድረስ ያለው የሰሜን ኢትዮጵያ ሸክላ ቅደም ተከተሉ ገና በደንብ አልተሠራም። በዚህም ምክንያት አሳሹ የማያውቀውን ገል ወይ «አክሱማዊ» ይለዋል ወይ «የቅርብ ጊዜ» ብሎ ይተወዋል፤ በመሃሉ ያሉት የዛጉዌና የሰሎሞናውያን ነገሥታት ዘመን ገበሬዎች ከካርታው ላይ ይጠፋሉ። አብያተ ክርስቲያናቱና ብራናዎቹ የነገሥታቱንና የመነኮሳቱን ታሪክ ይዘዋል፤ የገበሬዋ ሴት ወጥ ቤት ያለው ግን በገሉ ውስጥ ነው። ይህን የሚሞላው ዘመናቸው በታወቀ መንደሮች የሚደረግ ትንንሽ ቁፋሮና እሱን የሚከተል አሰሳ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የነበረው ጦርነት የመስክ ሥራውን አቋርጦታል፤ አሁን ለሚጀምሩ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት ከመሙላት የተሻለ መነሻ አላይም።

እናንተስ ማሳ ላይ ገል ብታገኙ? በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ለቅሞ ቤት ማስቀመጥ፣ ለእንግዳ መስጠት፣ ለገበያ ማውጣት ገሉን ከሁለቱ መልሶች ያራቁተዋል፤ የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደነበረ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አታንሱት። በወደቀበት እንዳለ ከአጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ ሦስትና አራት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ማሳውና ኮረብታው እንዲታይ ሌላ ፎቶ አንሱ። የማሳውን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ማሳው መቼ እንደታረሰ፣ በዙሪያው ሌላ ገል መኖሩንና አለመኖሩን ጻፉ። ባለማሳውን አስፈቅዱ፣ የሚያውቀውንም ጠይቁት። ወረቀቱንና ፎቶውን ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አድርሱ።